የዋና ቴክኒክ ካምፕ መሃል አዲስ አበባ፦ ለአዋቂ ተወዳዳሪዎች

ከቴክኒክ ካምፕ፣ ማለትም አዋዋኝን ለማረም ከሚዘጋጅ የጥቂት ቀን ሥልጠና፣ ፈጣን ዋናተኛ ሆኖ የሚወጣ ሰው የለም። በሦስት በአራት ቀን ሳንባ አይሰፋም፣ ጡንቻም አይጨምርም። እንዲያውም ብዙው ሰው በመጨረሻው ቀን ሰዓቱ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚወጣው፤ እጁ የለመደውን ትቶ አዲሱን ገና አልያዘማ። ይሄን ሳያውቁ የሚገቡ ሰዎች ናቸው "ብሬን በላኝ" ብለው የሚወጡት።

ካምፑን እንደ ሐኪም ቤት ምርመራ ቁጠሩት። የምትሄዱት ለመታየት ነው። መድኃኒቱን የምትወስዱት ከተመለሳችሁ በኋላ፣ በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ አንድ ሐሳብ ነው።

የምጽፈው ዋና ለሚችሉና ለሚወዳደሩ፣ ወይም ለመወዳደር ላሰቡ አዋቂዎች ነው። በዓለም አቀፉ አሠራር ማስተርስ የሚባለው ምድብ ከ25 ዓመት ይጀምርና በየአምስት ዓመቱ ይከፈላል፤ 25–29፣ 30–34 እያለ ይቀጥላል። ዕድሜ የሚያዘው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ላይ በሚኖራችሁ ነው። ውድድሩ ቀን 39 ብትሆኑም ዓመቱ ሳያልቅ 40 የምትደፍኑ ከሆነ የምትሰለፉት ከ40–44 ጋር ነው። ሰው ልደቱን በጉጉት የሚጠብቅበት ስፖርት ይሄ ነው፤ አዲሱ ምድብ ውስጥ ትንሹ እናንተ ናችኋ።

ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ

ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ምንም አይነግራችሁም። ደውላችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ የገንዳውን ርዝመት። መሃል ከተማ ያሉት የሆቴል ገንዳዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለመዝናኛ ነው። "25 ሜትር ነው" የተባለው ሲለካ 20 ወይም 18 ሊወጣ ይችላል። ለቴክኒክ ሥራ አጭር መሆኑ አይጎዳም፤ ግን በየት ገንዳ ስንት ቀዘፋ እንደቀዘፋችሁ ስታወዳድሩ ትሳሳታላችሁ። የአናፂ ሜትር ይዞ ጠርዙን መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዘበኛው ግራ ቢገባው ግራ ይግባው።

ሁለተኛ፣ አንድ አሰልጣኝ ስንት ሰው ይይዛል? ስድስት በጣም ጥሩ ነው፤ ስምንት ያስኬዳል። አሥራ አምስት ካሉህ ያ ካምፕ ሳይሆን የቡድን ዋና ነው፤ ብርህን ያዝ።

ሦስተኛ፣ ከውሃ በታች ቪዲዮ ይቀረጻል ወይ? ከላይ ብቻ የሚቀረጽ ቪዲዮ ጥፋቱን ግማሹን ይደብቃል፤ ክርን የሚወድቀው ውሃ ውስጥ ነው።

አራተኛ፣ መስመሩ ለካምፑ ብቻ ተይዟል ወይስ ከሌላው ደንበኛ ጋር ነው? ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ገንዳው በልጆች ይሞላል። ጥሩ አዘጋጅ የሚይዘው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለውን ነው፤ ያን ሰዓት የማይጠቅስ አዘጋጅ ካጋጠማችሁ ደግማችሁ ጠይቁት።

የውሃውን ሙቀትም አትርሱ። ለውድድር የሚፈለገው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የመሃል አዲስ አበባ ነገር ግን ይለያል። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በፍል ውሃው ምክንያት ነው፤ እቴጌ ጣይቱ እንጦጦን ትተው ወደዚህ የወረዱት ለዚሁ ነው። የሂልተን ሆቴል ገንዳ የሚታወቀው በተፈጥሮ ፍል ውሃ በመሞቁ ነው። ሞቅ ያለ ውሃ ለቀስታ ሥራ ተስማሚ ነው፤ ግድግዳ ይዛችሁ ኮች ሲያስረዳ አትንቀጠቀጡም። ረጅም ርቀት ለመዋኘት ግን ያደክማል፣ ልብም ቶሎ ይመታል። በተቃራኒው ያልሞቀ ገንዳ ህዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ጥርስ ያስገጫል፤ ሁለት ኮፍያ ደርባችሁ ግቡ።

ክረምት ላይ የሚዘጋጅ ካምፕ ከሆነ ደግሞ ነጎድጓድ ሲሰማ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ ሁሉም ከውሃ ይወጣል። "ትንሽ እንጨርስ" የሚል ካለ እናንተ ብቻችሁን ውጡ።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው

ባዶ እጅ አትሂዱ። መነሻ ቁጥር ያስፈልጋችኋል።

400 ሜትር፣ ከዚያ በደንብ አርፋችሁ 200 ሜትር፣ ሁለቱንም በተቻላችሁ መጠን ዋኙ። ከ400ው ሰዓት የ200ውን ቀንሱና ለሁለት አካፍሉት። 400ውን በ7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ 200ውን በ3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ከዋኛችሁ ልዩነቱ 3 ደቂቃ ከ50 ነው፤ ግማሹ 1 ደቂቃ ከ55። ሳትቃጠሉ ልትይዙት የምትችሉት የ100 ሜትር ፍጥነት እሱ ገደማ ነው። ገንዳው 18 ሜትር ከሆነ 22 ዙርና 11 ዙር ዋኙ (ዙር የምለው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንዴ መሄድን ነው)፤ 396 እና 198 ሜትር ይሆናል፣ ስሌቱ አይበላሽም።

ሌላ ቀን ደግሞ ዘና ብላችሁ ስትዋኙ በአንድ ዙር ስንት ጊዜ እጃችሁ እንደገባ ቁጠሩ። ጻፉት።

ቀጥሎ ጓደኛችሁ በስልክ ይቅረጻችሁ። ከጎን አንድ፣ ከፊት አንድ፤ ይበቃል። ከዚያ ቪዲዮውን አይታችሁ ለአሰልጣኙ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። "ሁሉንም አስተካክልልኝ" ማለት ምንም አላልክም ማለት ነው። "ከ75 ሜትር በኋላ እግሬ ይሰምጣል" ግን ሥራ ነው። አሰልጣኙ ይህን ከካምፑ በፊት ካነበበ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በከንቱ አያልፍም።

ዕድሜያችሁ 40 ካለፈ፣ ወይም ደም ግፊት ወይም የልብ ጉዳይ ካለ፣ በዚሁ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሐኪም ይያችሁ። ይሄ ላይ አልከራከርም።

ቦርሳ

የዋና ልብስ ሁለት ይሁን፤ ጠዋት የረጠበው ከሰዓት አይደርቅም፣ እርጥብ መልበስም ደስ አይልም። መነፅር ሁለት፤ አንዱ ለፀሐይ ጠቆር ያለ። አዲስ መነፅር ካምፕ ላይ አይሞከርም፣ ቀድማችሁ ቤታችሁ አካባቢ ፈትሹት። አጭር ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ መቅዘፊያ)፣ ስኖርክል (መተንፈሻ ቱቦ)፣ ፑልቦይ (በጭን መሃል የሚያዝ ተንሳፋፊ)። ፓድል (መዳፍ ላይ የሚታሰር ሰሌዳ) ካላችሁ ትንሹን ያዙ፤ ትልቁ ትከሻ ይበላል። የፀሐይ ክሬም የግድ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ ፀሐይዋ የዋህ አይደለችም፤ ጀርባችሁ ማታ ይነግራችኋል።

ሹሩባ ለተሠራች ወይም ፀጉሯ ብዙ ለሆነ፦ ከመግባትሽ በፊት ፀጉርሽን በቧንቧ ውሃ አርጥቢው፣ ትንሽ ቅባት አድርጊበት። የረጠበ ፀጉር ክሎሪኑን ብዙ አይጠጣም። የተለመደው ኮፍያ እየተንሸራተተ ካስቸገረሽ ለብዙ ፀጉር የተሠራ ሰፊ ኮፍያ አለ። ሶል ካፕ የሚባለው ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ተከልክሎ ብዙ ካነጋገረ በኋላ በ2022 እ.ኤ.አ. ለውድድር ተፈቅዷል። ስለዚህ ለውድድርም ይሆናል።

ፓወር ባንክም ያዙ። ስልካችሁ ቪዲዮ ሲቀርጽ ይውላል፣ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

መንገዱ

ከቦሌም ከአያትም ብትመጡ የመጀመሪያው ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። በባቡር የምትመጡ ስታዲየም ወርዳችሁ በእግር ትጨርሱታላችሁ። መኪና ያላችሁ መስቀል አደባባይ ከመሬት በታች ያለውን ፓርኪንግ አስቡበት። ህዳር ላይ ታላቁ ሩጫ የሚካሄድበት እሁድ፣ በመስቀልና በጥምቀት ሰሞንም መንገድ ይዘጋል፤ ቀኑን ከካምፑ ቀን ጋር አስተያዩ። እየሮጠ የደረሰ ሰው ሰውነቱን ሳያሟሙቅ ይገባል፣ ትከሻው የሚጎዳውም ያኔ ነው።

ከፍታው

ከዝቅተኛ ቦታ ለምትመጡ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከአርባ ምንጭ በሉት፣ የመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ያጥራችኋል። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ጋር ሲነፃፀር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ከቻላችሁ አንድ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ፤ ካልሆነ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በጣም በቀስታ። አዲስ አበቤዎችም ብትሆኑ "በሦስት ቀዘፋ አንዴ ተንፍስ" የሚለውን እንደ ሕግ አትያዙት። በቀስታ ሥራ ላይ ሁለቱን ጎን ለማመጣጠን ጥሩ ነው። ጠንከር ያለ ልምምድ ላይ ግን በየሁለት ቀዘፋው ተንፍሱ፣ ማንም አይቀጣችሁም።

"ጋሼ" ማለት ያመጣው ችግር

ይሄን ማንም አይጽፈውም፣ እኔ ግን ልጻፈው። አሰልጣኞቹ ብዙ ጊዜ ከእናንተ በዕድሜ ያነሱ ናቸው። "ጋሼ"፣ "እትዬ" ብለው ይጠሯችኋል። አክብሮቱ ደስ ይላል፤ ግን ጋሼን "እግርህ እንደ መቀስ ይከፈታል" ብሎ መናገር ይከብደዋል። "በጣም ጥሩ ነው፣ ትንሽ ብቻ…" ይልና ያልፋል። ትንሽ ብቻ ያለው ዋናው ጥፋት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን፣ ውሃ ሳትገቡ፣ ጠጋ ብላችሁ ንገሩት። "ልጄ፣ ጋሼ በለኝ ግን አትራራልኝ። ያየኸውን እንደ ልጆቹ ንገረኝ" በሉት። ሲነግራችሁ ደግሞ አታስረዱ። "እሱማ ትከሻዬ ድሮ ስለተመታ…" ማለት ከጀመራችሁ ልጁ ይዘጋል፣ ሁለተኛ አይነግራችሁም። ትከሻው እውነት ችግር ካለበት በጽሑፍ ቀድማችሁ አሳውቁት።

ውሃ ውስጥ፦ ከየት ይጀመራል

ከጭንቅላት ነው የሚጀመረው። ከእጅ አይደለም።

ብዙዎቻችን ዋና የተማርነው ሐይቅ ወይም ወንዝ ላይ፣ አንገት ቀና አድርገን ነው። ግዮን ገንዳ የተማሩትም ቢሆኑ መጀመሪያ የተማሩት አለመስጠምን ነው። አንገት ቀና ሲል ዳሌ ይወርዳል፣ ዳሌ ሲወርድ እግር ይከተላል። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይወፍራል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የውሃው መከላከል ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ተንጋደህ እየዋኘህ ጉልበት መጨመር ዝም ብሎ ድካም ነው። ዓይን ወደ ገንዳው ወለል፣ ትንሽ ወደ ፊት። የአንገት ጀርባ ረጅም። በስኖርክል አራት አምስት ዙር ስትሠሩት ልዩነቱን ሰውነታችሁ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ትንፋሽ። ፊታችሁ ውሃ ውስጥ እያለ ያለማቋረጥ አውጡ፤ በአፍንጫ "እምምም" እያላችሁ። አየሩን አምቆ ቆይቶ ቀና ሲሉ አውጥቶ መሳብ የሚሞክር ሰው ለሁለቱም ጊዜ አይበቃውም፣ ከዚያ ራሱን ያነሳል፣ ከዚያ እግሩ ይወርዳል። እና አሰልጣኙ እግሩን ያርማል! ጥፋቱ ያለው ግን ትንፋሹ ላይ ነበር። ለዚህ ነው አንድ ጥፋት ሲነገራችሁ "ከምን የመጣ ነው?" ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ።

ሦስተኛው ላይ ነው እጅ የሚመጣው። ጣት ከአንጓ ዝቅ፣ አንጓ ከክርን ዝቅ። ክርን ከፍ ብሎ ሲቆይ ክንዱ በሙሉ ውሃውን ይይዛል። ክርን ሲወድቅ መዳፍ ውሃውን ወደ ታች ይገፋል፣ ወደ ታች የተገፋ ውሃ ደግሞ ወደ ፊት አይወስድም። ለዚህ የምወደው ድሪል (የቴክኒክ መልመጃ) ቡጢ ጨብጦ መዋኘት ነው። አንድ ዙር በቡጢ፣ ቀጣዩን እጅ ዘርግቶ። በቡጢው ጊዜ መዳፍ ስለሌለ ክንድ መሥራት ይገደዳል፤ እጁ ሲከፈት የውሃው ክብደት ወዲያው ይሰማል። እጅ የሚገባው ከትከሻ ፊት ለፊት ነው፤ ከጭንቅላት ፊት ተሻግሮ ከገባ ሰውነት እንደ እባብ ይታጠፋል።

ሩጫ የነበራችሁ፣ ጉልበት አሟችሁ ወደ ዋና የመጣችሁ፣ ለእናንተ የተለየ ነገር አለ። ቁርጭምጭሚታችሁ ግትር ነው። ግትር እግር ሲመታ ወደ ፊት አይወስድም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ኪክቦርድ (በእጅ የሚያዝ ተንሳፋፊ ሰሌዳ) ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስትሠሩት ሳቁበት፣ ግን አትተዉት። ማታ ማታ ምንጣፍ ላይ ተረከዝ ላይ ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ቁርጭምጭሚቱን ዘርጉት። የሚያስተካክለው ካምፑ ሳይሆን ወራት ነው።

መታጠፊያና መነሻ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ መኖሩ አይቀርም። ሕጉን ይዛችሁ ግቡ፦ በነፃ ቀዘፋ፣ በጀርባና በቢራቢሮ ከግድግዳ 15 ሜትር ሳይሞላ ጭንቅላት ከውሃ መውጣት አለበት። በደረትና በቢራቢሮ ግድግዳ የሚነካው በሁለት እጅ፣ እኩል ነው። በደረት ቀዘፋ ከግድግዳ ስትለቁ የቢራቢሮ እግር የሚፈቀደው አንዴ ብቻ ነው። በአንድ እጅ የነካ ሰው ከነሜዳሊያው ይሰረዛል።

ውሃ ውስጥ ርቀት ስትለማመዱ አየር ደጋግሞ በፍጥነት ስቦ መጥለቅ ክልክል ነው። ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል፣ ድምፅ እንኳ አያሰማም። ውሃ ውስጥ ርቀትን ብቻችሁን በፍጹም አትለማመዱ፤ ጥሩ ዋናተኛ መሆናችሁም አያድናችሁም።

ትከሻ ላይ የድካም ስሜት የተለመደ ነው። ከፊት በኩል የሚወጋ ሕመም ግን አይደለም። ሲወጋ ፓድሉን አውልቁ፣ ካልተወ ውጡና ለአሰልጣኙ ንገሩ።

ቪዲዮው

ለመቅረጽ ከሆቴሉ ፈቃድ ይጠየቅ። ሌላ ደንበኛ ውሃ ውስጥ ካለ ዘበኛ መጥቶ ያስቆማል፣ እውነቱን ነው። አዘጋጁ ቀድሞ ቢጨርሰው ይሻላል።

በስሎው ሞሽን ቅረጹ። በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ተጨምቆ ጣትና ክርን አይለይም። ስታዩ መጀመሪያ ድምፅ አጥፍታችሁ፣ ማንም ሳያብራራ፣ ራሳችሁ እዩት። ከዚያ ከአሰልጣኙ ጋር። ስድስት ጥፋት ይነግራችኋል። ሁለቱን ምረጡ። "ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢስተካከል የትኛው ይሁን?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ጥሩ አሰልጣኝ ሳያመነታ ይመልሳል።

ምግብ

ጠዋት 12 ሰዓት ለሚገባ ሰው ሙዝና ሻይ ይበቃል። በሁለቱ ክፍለ ጊዜ መሃል በሶ ጭብጦ የሚያህል ነገር አላየሁም፤ ቀላል ነው፣ ቦርሳ ውስጥ አይበላሽም፣ ሆድ ላይ አይከብድም። ምሳ ሽሮ ወይም ፓስታ። ክትፎውን ለመጨረሻው ቀን ማታ አቆዩት። ውሃ ውስጥ ሰው ማላቡን አያውቅም፣ በተለይ ገንዳው ሞቃት ከሆነ፤ የውሃ ጠርሙሳችሁን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጡና በየመሃሉ ጠጡ።

የምትጾሙ ከሆነ፣ የዓቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ ለአዘጋጁ ንገሩ። በቀስታ የሚሠራውን ጠዋት፣ ከበድ ያለውን ከምግብ በኋላ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ካልተቻለ ሌላ ካምፕ ጠብቁ። ባዶ ሆድ በቀን ሁለቴ ውሃ መግባት አዲስ ነገር ለመማር አይመችም።

ከካምፑ በኋላ

የመጨረሻው ቀን ማታ ሁለት አጭር ቃል ጻፉ። "አንገት ረጅም"። "ክርን ላይ"። ረጅም ማብራሪያ ውሃ ውስጥ አይታወስም።

በሳምንት ሦስት ጊዜ የምትዋኙ ከሆነ የእያንዳንዱን የመጀመሪያ 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ ሰውነት ሳይደክም፣ ለእነዚህ ሁለቱ ስጡ። ቀሪውን እንደ ድሮው ዋኙ። ሙሉውን ሰዓት ድሪል ካደረጋችሁት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትሰለቻላችሁ። ሰዓት መያዣውን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቤት ተዉት፤ ቀዘፋ ብቻ ቁጠሩ። ቁጥሩ በዙር አንድ ወይም ሁለት ከቀነሰ፣ ያውም ከግድግዳ ተገፍቶ ረጅም በመንሸራተት ሳይሆን በቀዘፋው፣ እየሠራ ነው። እነዚያን ሳምንታት ውድድር አትመዝገቡ፤ መነሻ ላይ ስትቆሙ እጃችሁ ወደ ድሮው ይመለሳል።

በስድስተኛው ሳምንት ያንኑ 400 እና 200 በዚያው ገንዳ ድገሙት፣ ቪዲዮውንም ከዚያው ማዕዘን። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለኮቹ ላኩለት። ሦስተኛውን ጥፋት ያኔ ጠይቁት።